«አፈሩን የት አደረሱት?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ላሊበላ ናቸው። ሦስቱም የተለያየ ነገር ይጠይቃሉ። አብሬ ላቀርባቸው ወደድኩ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዘጠኝ ዓመት በአስጎብኚነት የኖርኩበት ቦታ ስለሆነ አሳጥሬ መናገር አልችልበትም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ላሊበላን መሳለም የዕድሜ ልክ ምኞቷ ነው። ዘንድሮ ቆጥቤ ልወስዳት ነው። እኔ አስጎብኚ ይዘን ታሪኩን እየሰማን ብንዞር ደስ ይለኛል። እሷ ግን «የእግዚአብሔርን ቤት ልሳለም እንጂ ልጎበኝ አልሄድም፤ አስጎብኚ ምን ያደርግልኛል?» ትላለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ ፈርቻለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ አስጎብኚ ይዘን ሲያጣድፈን ውሎ ምንም ሳይገባኝ ነው የተመለስኩት። እናቴን ጉልበቷንም ያማታል። ያለን ሁለት ቀን ነው። ምን ይመክሩኛል?

*ከአዲስ አበባ*

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ።

ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወሩ ጥር ነበር። ስድስት እንግዶች ይዤ ቤተ መድኃኔዓለም ግቢ ውስጥ ቆሜያለሁ። ርዝመቱ 33 ሜትር ገደማ ነው፣ ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ እሱ ነው፣ ዙሪያውን በዓምድ የተከበበ ነው እያልኩ የሸመደድኩትን እለቀዋለሁ። አንዲት እናት ከእንግዶቹ ጀርባ ቆመው ያዳምጡኛል። በእግራቸው የመጡ ናቸው፣ ነጠላቸው አቧራ ጠጥቷል። ስጨርስ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሲቆፈር አፈሩን የት አደረሱት?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስከዚያ ቀን ስለ ዓምድና ስለ መስኮት ሳወራ፣ ይህን ጥያቄ አንድም እንግዳ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። እኒያ እናት ለመሳለም ነው የመጡት። ግን ከእኔ በላይ ቦታውን ያዩት እሳቸው ነበሩ።

ቤት ሲሠራ ድንጋይ ይመጣል። ላሊበላ ላይ ግን ድንጋይ ነው የሄደው። ጠራቢው ሥራውን የሚጀምረው በኋላ ጣሪያ ከሚሆነው ቦታ ነው። በዙሪያው ጥልቅ ቦይ ይቆፍራል። መሃል ላይ አንድ ወጥ አለት ይቀራል። ከዚያ ከውጭ ቅርጽ እያስያዘ ወደታች ይወርዳል፣ በበርና በመስኮት ገብቶ ደግሞ ውስጡን ይፈለፍላል። ዓምዱን ከመጠን በላይ ከጠረበው መልሶ የሚለጥፈው ነገር የለም። አለቱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ ድንጋይ ነው። ለመሮ እሺ የሚል ዓይነት ነው፤ ለዝናብም እሺ ይላል፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አፈሩና ፍርስራሹስ? እዚያው ነው ያለው። በአብያተ ክርስቲያናቱ አካባቢ እንደ ኮረብታ ከፍ ከፍ ብለው የምታያቸው ክምሮች አሉ። ተመራማሪዎች እነዚህን ክምሮች አጥንተዋል። ሥራው በአንድ ጊዜ ያለቀ ሳይሆን ደጋግሞ የተቆፈረ፣ የተስፋፋ፣ ጥልቀት የተጨመረበት መሆኑን ካሳዩት ነገሮች አንዱ ይኼ ነው። አንዳንድ ቦታ በር ከመሬት ከፍ ብሎ አየር ላይ ቀርቶ ታያለሽ። በሩ ሲከፈት መሬቱ እዚያ ድረስ ነበር፤ ኋላ ግቢው ወደታች ተቆፈረ። ይህን አንዴ ካወቅሽ ዓይንሽ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ አያልፍም።

እንግዲህ የእናትሽን ጥያቄ ልመልስ። «አስጎብኚ ምን ያደርግልኛል?» ላሉት፣ ለመሳለም ምንም አያደርግላቸውም። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጠዋት ያለ አስጎብኚ ስጪያቸው። ያስቀድሱ። ስልክሽን ኪስሽ ክተቺና አብረሻቸው ቁሚ። እሳቸው የመጡበትን ነገር ካገኙ በኋላ ልባቸው ያርፋል። የቀረውን ደስ ብሏቸው ይሰማሉ። ይህን ያልኩሽ ከብዙ እናቶች አይቼ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስተውይ፦ በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር ይሄዳል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ የቀኑን ፕሮግራም በዚያው አስተካክዪው።

ከሰዓት በኋላ አስጎብኚ ያዢ። ባጅ ያለው የከተማው አስጎብኚ ይሁን። ከመስማማትሽ በፊት «በሁለት ቀን እንዴት አድርገህ ታሳየናለህ?» ብለሽ ጠይቂው። «ሁሉንም በግማሽ ቀን ጨርሰን የቀረውን ታርፋላችሁ» ካለሽ አመስግነሽ ሌላ ፈልጊ። ያለፈው ጊዜ የደረሰብሽ ይኼ ነው። እናትሽን አይቶ «እማማ ደረጃ ይችላሉ?» ብሎ ከጠየቀሽ ግን ሰውዬውን አትልቀቂው።

አብያተ ክርስቲያናቱ በምድብ የተከፈሉ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ምድብ በዚያ ከሰዓት እዩት። ቤተ መድኃኔዓለም፣ ቤተ መስቀል፣ ቤተ ደናግል፣ ቤተ ማርያም ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ቤተ መድኃኔዓለም ውስጥ አፍሮ አይገባ የሚባለው የወርቅ መስቀል አለ። በ1989 ዓ.ም ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ከሄደ በኋላ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። እናትሽ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ይታየኛል።

እኔ ግን ብዙ ጊዜ የምሰጠው ለቤተ ማርያም ነው። ትንሽ ናት። ከቤተ መድኃኔዓለም ስፋት ወጥተሽ ስትገቢባት እቅፍ ውስጥ የገባሽ ይመስልሻል። ጣሪያና ቅስቷ ላይ የጥንት ሥዕል አለ፣ ወፍ፣ እንስሳ፣ ሐረግ። መሃል ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ዓምድ ታያለሽ። ያለፈውና የሚመጣው ዘመን ተጽፎበታል ይባላል፤ አይገለጥም። ዓይንሽ ጨለማውን እስኪለምድ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቁሚ። ሥዕሉ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። የሚያጣድፍ አስጎብኚ የሚያሳጣሽ እነዚህን አምስት ደቂቃዎች ነው። እናትሽ ጥግ ላይ ይቀመጡ፣ አስጎብኚውም ዝም ይበል። ዝም በል ማለት ነውር የለውም።

አንድ ነገር ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው። ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። የንጉሥ ላሊበላ መቃብር ያለው እዚያ ነው፤ በግድግዳው ላይ የሰው ቁመት ያህል የተቀረጹ ቅዱሳን አሉ። አንዲት እናት ሦስት ቀን ተጉዘው መጥተው ይህን በሩ ላይ ሲሰሙ ያለቀሱትን አልረሳም። የነገርኳቸው እኔ ነበርኩ። ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ደጁን ተሳልመው በሰላም ይመለሱ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛውን ምድብ እዩ። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በድልድይ ነው የሚገባው፣ ከሥሩ ገደል የሚያህል ቦይ አለ። እናትሽን እጃቸውን ያዢ። ከዚያ ወደ ቤተ ልሔም የሚወስድ ድቅድቅ ያለ ዋሻ አለ። ሲኦልን ያስታውሳል ይባላል። በእጅ ግድግዳ እየዳበሱ ነው የሚያልፉት፣ መሬቱም ወጣ ገባ ነው። ለታመመ ጉልበት አይሆንም። አንቺ እለፊው፣ እሳቸው በላይ በኩል ዞረው ይጠብቁሽ። አስጎብኚው ከእሳቸው ጋር ይሂድ እንጂ ከአንቺ ጋር አይግባ። አንቺ ስልክሽን አብርተሽ ታልፊያለሽ።

ቤተ ጊዮርጊስን ለመጨረሻ አቆዩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ድንጋዩ ይቀላል። መጀመሪያ ከላይ ሆናችሁ እዩት። ሜዳው ላይ ስትሄጂ ምንም የለም፣ ድንገት እግርሽ ሥር መስቀል ይከፈታል። ጥልቀቱ 12 ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹ ሦስት መስቀሎች አሉ። ጣሪያው የዝናብ ውኃ እንዳያቁር ተደርጎ መሠራቱን፣ ውኃው በየት እንደሚወርድም አስጎብኚው ያሳይሽ። ከዚያ በቦዩ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቅዱስ ጊዮርጊስ «ለእኔ ሳትሠራልኝ?» ብሎ በፈረስ ሲመጣ የረገጠው ነው የሚባል የኮቴ ምልክት አለ። እናትሽ ሳይስሙት አያልፉም።

«በአንዳንዶቹ ላይ የተደፋው ቆርቆሮ የሚመስል ነገር ምንድነው?» ብለው እንደሚጠይቁሽ ደግሞ እርግጠኛ ነኝ። በ2000 ዓ.ም አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራ የዝናብ መከላከያ ነው። ለጊዜው ተብሎ ነበር የቆመው። ዝናብና ፀሐይ ድንጋዩን እየሰነጠቁት ስለነበር ነው። አሁን ደግሞ መጠለያው ራሱ በክብደቱ ያሰጋናል የሚሉት የከተማው ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔም ባየሁት ቁጥር ልቤ ይከፈላል። ያለ ምንም መሸፈኛ የቆመውን ቤተ ጊዮርጊስን ስታዩ የሌሎቹ መልክ ድሮ እንዴት እንደነበር ይገባችኋል።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ቦታው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ስለሆናችሁ አየሩ አያስቸግራችሁም፣ ማታ ግን ይበርዳል። በየበሩ ጫማ ስለሚወለቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ይልበሱ። ወፍራም ካልሲም ያድርጉ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል።

ለገና ልውሰዳቸው ወይ ካልሽኝ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲዘምሩ ማየት የሚያስለቅስ ነው። የታመመ ጉልበት ይዞ ግን በዚያ ሕዝብ መሃል መቆም ከባድ ነው። ከበዓሉ ውጭ ውሰጃቸው። ያኔ ማንም ሳይገፋቸው በየደጁ ይቆማሉ።

ጥያቄ፦ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ላሊበላ ልንሄድ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ። መግባት ይፈቀድልኛል? ከገባሁስ የማላምንበትን ነገር አድርግ እባላለሁ ብዬ ሰጋሁ። እነሱንም ማስቀየም አልፈልግም።

*ከደሴ*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያለ ምንም ስጋት ሂድ። ከዓለም ዙሪያ ሁሉም ዓይነት እምነት ያለው፣ እምነት የሌለውም ሰው በየቀኑ ይገባል። ተሳለም፣ ስገድ የሚልህ የለም። ባልደረቦችህ ሲሳለሙ አንተ ጸጥ ብለህ መቆም ብቻ ይበቃል።

ማወቅ ያለብህ ጥቂት ነው። ጫማህን አውልቅ። ጫማ አውልቆ ወደ ጸሎት ቤት መግባት ለአንተ አዲስ ነገር አይደለም፣ እንዲያውም ከብዙ ቱሪስት ይልቅ አንተ ታውቅበታለህ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መቅደስ ነው፤ እዚያ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው። ምእመኑም አይገባም። ስለዚህ በመጋረጃው በኩል አጮልቀህ አትይ፣ ፎቶም አታንሳ። ቅዳሴ ላይ ከሆኑ እስኪያልቅ ውጭ ጠብቅ። ካህኑ መስቀል ይዘው ሲወጡ የሚሳለመው ይሳለማል። አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ራስህን ዝቅ ብታደርግላቸው አክብሮትህ ይገባቸዋል።

ለአስጎብኚው ሙስሊም መሆንህን ብትነግረው ጥሩ ነው። ጎበዝ ከሆነ ለሚያምን ሰው የሚናገረውንና ለአንተ የሚያብራራውን ያውቅበታል። ታቦት ምን እንደሆነ፣ ቅኔ ማኅሌትና ቅድስት የሚባሉት የቤተ ክርስቲያኑ ክፍሎች ለምን እንደተለያዩ ጠይቀው። ባልደረቦችህ ራሳቸው ከአንተ ጥያቄ ሲማሩ ታያለህ። እኔ ከሙስሊም ወገኖቼ ጋር የዞርኩባቸው ቀናት በጥያቄ የተሞሉ ነበሩ፣ ወድጃቸውም ነበር።

ጥያቄ፦ በቱሪዝም ተመርቄ ማስጎብኘት ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የውጭ እንግዳ ቤተ አባ ሊባኖስ ውስጥ «በእውነት መላእክት ናቸው የሠሩት ብለህ ታምናለህ?» አለኝ። ካህኑ አጠገቤ ቆመዋል። ደነገጥኩ። «እንደዚያ ይባላል» ብዬ ፈገግ አልኩ። ካህኑ እንግሊዝኛ ትንሽ ይሰማሉ፣ ፊታቸው ተለወጠ። እስካሁን ያሳፍረኛል። ምን ማለት ነበረብኝ?

*ከላሊበላ*

መልስ፦ ልጄ፣ ያሳፈረህ «ይባላል» ያልከው አይደለም፣ ፈገግታህ ነው።

«ይባላል» ጥሩ ቃል ነው። እኔም በዚሁ ገጽ ላይ ደጋግሜ ተጠቅሜበታለሁ። ያጠፋኸው ትውፊቱን ሳትናገር መዝለልህ ነው። እንግዳው ጠየቀህ፣ አንተ ግን ታሪኩን አልሰጠኸውም። ገድሉን ሙሉውን ንገረው። ሕፃኑ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት፣ እናቱ ንቦቹ ንግሥናውን አወቁ ብላ ስም እንዳወጣችለት፣ መርዝ እንደተሰጠው፣ በሰመመን ሳለ ሰማይ ተወስዶ የሚሠራቸውን አብያተ ክርስቲያናት እንዳየ። ቀን ሰው የሠራውን ሌሊት መላእክት እጥፍ አድርገው እንዳደሩ። ቤተ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት አሠራችው መባሉንም። ይህን ስትናገር ድምፅህን አታቅልል። ሕዝቡ ቦታውን እስከ ዛሬ ጠብቆ ያቆየው በዚህ ታሪክ ነው።

ከዚያ ሌላውን አስከትል። ገድሉ የተጻፈው ከንጉሡ ዘመን ብዙ ቆይቶ መሆኑን ንገረው። ንጉሡ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ መሆኑን፣ ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል እንደሚባል፣ ስሙ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበሮች መኖራቸውን ንገረው። የመሮውን ምልክት በጣቱ ይዳስስ። ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም የሚሉ ተመራማሪዎች መኖራቸውንም አትደብቅ። ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። ሰውዬው የትኛውን ይዞ እንደሚሄድ የራሱ ጉዳይ ነው።

አንዱን ነገር ግን በፍጹም «ይባላል» እያልክ አትለፈው። አንዳንዱ እንግዳ የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች መጥተው ሠሩት የሚል ወሬ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ማስረጃ የለም። ያኔ ወደ ቤተ አማኑኤል ውሰደው። ግድግዳው ላይ እንጨትና ድንጋይ ተደራርቦ የተሠራ የሚያስመስል መስመር ተጠርቧል። ይህ የአክሱም አሠራር ነው። አክሱም ሐውልቶች ላይም የዝንጀሮ ራስ የምንለው የእንጨት ጫፍ በድንጋይ ተቀርጿል። ከላሊበላ በፊት የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ደግሞ በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ ተነባብሮ ቆሞ ይታያል። አያት፣ አባት፣ ልጅ ናቸው። ሰውዬው በዓይኑ ካየ በኋላ ክርክር አያስፈልግህም።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይህን ቦታ አይቶ ሲጽፍ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰግቶ ነበር። የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። እንግዶችህ ይህን ሲሰሙ ወደ ድንጋዩ መለስ ብለው ያዩታል። ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

«ታምናለህ ወይ?» ለሚለው ግን የግል እምነትህን ለእንግዳ የማስረዳት ግዴታ የለብህም። ካህኑ አጠገብህ ቆመው የለ? ወደ እሳቸው ዞር በል። «አባ፣ እንግዳችን መላእክት ሠሩት ስለሚባለው ይጠይቃል፤ እርስዎ ይንገሩልን» በላቸው። የሚሉትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተርጉምለት።

አሁን የሚቀርህ እኒያን ካህን ይቅርታ መጠየቅ ነው። እንግዳ ሳትይዝ፣ ብቻህን፣ በጠዋት ሂድ።